አማካዩ መቶ ነው፤ መቶ ግራም ዳቦ ግን የለም

ባለፈው እትም ባለቤቴ ከጉልት የገዛቻቸውን 15 ድንቾች አንድ በአንድ መዝኜ፣ ክብደታቸውን ቁጥር መስመር ላይ በነጥብ እንደደረደርኩ ጽፌ ነበር፤ ይህ አደራደር «ላይን ፕሎት» ይባላል። ጽሑፉ አጭር ነበር፤ ያስከተለው ደብዳቤ ግን ብዙ ነው። ባለቤቴ «ጡረታ የወጣ ሰው ድንች ይልጣል እንጂ አይመዝንም» ብላኛለች። አንባቢዎቼ ከእሷ ይልቅ አዝነውልኛል። እንግዲህ ወደ ጥያቄዎቹ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምጽፍልዎ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጄ አራተኛ ክፍል ነው። የ12 እርሳሶች ርዝመት በኢንች ተሰጥቶት «ላይን ፕሎት ሥራ» የሚል የቤት ሥራ ይዞ መጣ። አባቱ አገር ቤት ኢንጂነሪንግ የተማረ ነው። «ይሄማ ቀላል ነው» ብሎ ነጥቦቹን በመስመር እያገናኘ ተራራ የመሰለ ነገር ሣለለት። በማግስቱ ልጁ በቀይ ተሰርዞበት መጣ። አሁን አባትና ልጅ ተኳርፈዋል። ላይን ፕሎት የመስመር ግራፍ ማለት አይደለም እንዴ? ደግሞስ ይሄ የስምንተኛ ነገር ምንድን ነው? እኛ በሴንቲ ሜትር ነው ያደግነው።
(ግራ የገባት እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ አይፈረድበትም። ጥፋቱ የስሙ ነው። «ላይን» የተባለው ከታች የሚሰመረው የቁጥር መስመር ነው። ነጥብ ከነጥብ የሚያገናኝ መስመር የለም።

ባለቤትሽ የሠራው የመስመር ግራፍ ነው። እሱ በጊዜ ውስጥ ለሚለዋወጥ ነገር ይሆናል። የልጅሽን ክብደት በየወሩ ብትመዝኚ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነጥቦች መካከል መስመር ብታሰምሪ ትርጉም አለው፤ ልጁ በመካከሉ ባሉት ቀናትም አለ፣ ክብደትም አለው። እርሳስ ግን እንዲህ አይደለም። አንደኛው እርሳስ አድጎ ሁለተኛውን እርሳስ አይሆንም። በመካከላቸው ምንም የለም። የሌለን ነገር ደግሞ በመስመር ማገናኘት ውሸት ነው። አስተማሪዋ በቀይ የሰረዘችው ለዚህ ነው።

የላይን ፕሎት ሕጉ አንድ ነው፤ ለአንድ ልኬት አንድ ምልክት። እዚያ ልጆቹ የኤክስ ምልክት ነው የሚያደርጉት፤ እኔ ነጥብ እመርጣለሁ። አራት እርሳሶች እኩል ከሆኑ አራት ምልክት ተደራርቦ ይቆማል። የላክሽልኝን 12 ቁጥሮች ደርድሬያቸዋለሁ። ለመጽሔቱ ገጽ እንዲመች አግድሜዋለሁ፤ ልጅሽ ግን መስመሩን ከታች አስምሮ ምልክቱን ወደ ላይ ይከምር።

4 1/2 ●
4 5/8
4 3/4
4 7/8 ●●
5
5 1/8 ●
5 1/4 ●●●●
5 3/8
5 1/2 ●●
5 5/8
5 3/4 ●
5 7/8
6 ●

ባዶዎቹን ቦታዎች እንዳልዘለልኳቸው እዪ። 5 ኢንች የሆነ እርሳስ የለም፤ የ5 ቦታ ግን አለ። ልጆች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ያላቸውን ቁጥሮች ብቻ እኩል እኩል አራርቀው ይጽፋሉ። ያኔ ከ4 1/2 እስከ 4 7/8 ያለው ርቀትና ከ5 1/8 እስከ 5 1/4 ያለው ርቀት አንድ ይመስላል። የመጀመሪያው ግን የሁለተኛው ሦስት እጥፍ ነው።

አሁን ወደ ስምንተኛው። ኢንች የሚከፋፈለው በማጠፍ ነው። እንጀራ አንድ ጊዜ ብታጥፊው ግማሽ፣ ሁለተኛ ብታጥፊው ሩብ፣ ሦስተኛ ብታጥፊው ስምንተኛ። በቃ። የልጅሽ ማስመሪያ ላይ ያሉት ትንንሽ ጭረቶች የሦስተኛው እጥፋት ናቸው። (አንዳንዱ ማስመሪያ አራተኛም ይታጠፋል፤ አሥራ ስድስተኛ ማለት ነው። ጭረቶቹን ሳይቆጥር እንዳይጀምር።) ስለዚህ 1/2 እና 4/8፣ 1/4 እና 2/8 አንድ ቦታ ላይ ነው የሚያርፉት። ቅደም ተከተሉ ከጠፋበት ሁሉንም ወደ ስምንተኛ ይቀይራቸውና ይደርድር።

ደግሞ አማርኛ እዚህ ላይ ይረዳሻል። ልጅሽን ሰዓት በአማርኛ አስተምረሽዋል? «አምስት ከሩብ» 5 1/4 ነው። «አምስት ተኩል» 5 1/2 ነው። «ለስድስት ሩብ ጉዳይ» ደግሞ 5 3/4። ሰዓት ግድግዳ ላይ የተጠመጠመ የቁጥር መስመር ነው። እኔ እነዚህን ክፍልፋዮች ያስተማርኩት በሰዓት ነው፤ ስምንተኛ ላይ ስንደርስ ነው ሰዓቱ የሚከዳን።

የቤት ሥራው ወረቀት ግርጌ ያሉትን ጥያቄዎች ራሱ ይሥራቸው፤ መልሱን ግን ለአንቺ ልንገርሽ። ረጅሙ ከአጭሩ የሚበልጠው በ6 ሲቀነስ 4 1/2፣ ማለትም በ1 1/2 ኢንች ነው። 5 1/4 የሆኑት አራቱ ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠሉ 21 ኢንች ይሆናሉ። እዚህም ላይ ተጠንቀቂ፤ ብዙ ልጅ የሚደምረው መስመሩ ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች ነው፤ አራት ነጥብ መኖሩን ይረሳል።

ለወደፊቱም እንድትዘጋጂ ያህል፣ የናንተን ሜሪላንድ ጨምሮ ብዙ ግዛቶች እ.ኤ.አ. በ2010 በተቀበሉት ኮመን ኮር በሚባለው መመዘኛ ይሄ ነገር በየዓመቱ ተመልሶ ይመጣል። ሁለተኛ ክፍል በሙሉ ቁጥር፣ ሦስተኛ ክፍል በግማሽና በሩብ፣ አራተኛ ክፍል በስምንተኛ። አምስተኛ ክፍል ላይ «በሦስት ብርጭቆ 1/8፣ 1/4 እና 3/8 ሊትር ውሃ አለ፤ እኩል ቢካፈል ስንት ስንት ይደርሳቸዋል» የሚል ይመጣል። ድምሩ 6/8 ነው፤ ለሦስት ሲካፈል 2/8፣ ማለትም ሩብ ሩብ። ያኔ አባትየው ይታረቅና እሱ ያስረዳው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ላይን ፕሎትና ባር ግራፍ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ሁለቱም ወደ ላይ ነው የሚያድጉት።
(የ6ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ባር ግራፍ ላይ «ሻይ፣ ቡና፣ ማኪያቶ» ብለህ ብትጽፍ፣ ቡናን አንደኛ ብታደርገው ማንም አይከስህም። ቁጥር መስመር ላይ ግን 7ን ከ5 በፊት ማስቀመጥ አትችልም። ደግሞ ባር ከዜሮ ይነሳል፤ ላይን ፕሎት የቁጥር መስመሩን ከፈለገበት ይጀምራል። ያንተ ክፍል ልጆች ቁመት ከ130 በላይ ከሆነ ከ130 ጀምር። ከዜሮ ከጀመርክ ወረቀቱ ጎረቤት ድረስ ይሄድብሃል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። አዳማ ላይ ዳቦ ቤት አለኝ። ደንበኞች «ዳቦህ ቀለለ» እያሉ ያማርሩኛል። አንዱማ ዳቦዬን ይዞ ሰው ፊት አሳቀቀኝ። እኔ ግን 20 ዳቦ መዝኜ ደምሬ ለ20 አካፍዬ ልክ 100 ግራም መጣልኝ። 100 ግራም ብዬ ነው የምሸጠው። ታዲያ ምን ላድርጋቸው? ያንን የድንች ነገርዎን ሳነብ ቁጥሮቹን ልላክልዎ ብዬ ነው።
(ባለ ዳቦ ቤት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ የእርስዎን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ከመጡት ሁሉ ይሄኛውን ነው የወደድኩት። ቁጥሮቹን ራሳቸውን ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። አብዛኛው ሰው አማካዩን ብቻ ልኮ «ፍረደኝ» ይላል።

እነሆ ዳቦዎችዎ፤ ቁጥሩ ግራም ነው።

91 ●
92 ●●●
93 ●●●●
94 ●●
95
96
97
98
99
100
101
102
103
104
105
106 ●●
107 ●●●●
108 ●●●
109 ●

እስቲ 100 ላይ ይመልከቱ። አንድም ዳቦ የለም። ከ95 እስከ 105 ያለው ሜዳ ነው። አሥሩ ዳቦ ከ91 እስከ 94 ነው፤ አሥሩ ደግሞ ከ106 እስከ 109። ሂሳብዎ ትክክል ነው፤ ድምሩ 2,000፣ አማካዩ 100። መካከለኛው ቁጥር ይሻል ይሆን ብለው በቅደም ተከተል ደርድረው አሥረኛውንና አሥራ አንደኛውን ቢያዩ፣ 94 እና 106 ናቸው፤ የነሱም መሀል 100 ነው። ሁለቱም ቁጥሮች በዳቦ ቤትዎ ስለሌለ ዳቦ ነው የሚያወሩት።

ደንበኛው አማካይ አይገዛም። የሚገዛው አንድ ዳቦ ነው፤ ቢበዛ አምስት። ጠዋት 93 ግራም የደረሰው ሰው፣ ማታ ሌላው 107 መውሰዱ ምን ይጠቅመዋል? ያማረረው እውነቱን ነው። 107 የወሰደውም ዝም ያለው ተመችቶት ነው።

እንዲህ ሁለት ጉብታ ሲያዩ፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አንድ ላይ ተደባልቀዋል ማለት ነው ብለው ይጠርጥሩ። ሁለት ሚዛን፣ ሁለት ፈረቃ፣ ሁለት እጅ። ነጥቦቹ የትኛው እንደሆነ አይነግሩዎትም። ስለዚህ ይህን ከመጻፌ በፊት ለባለ ዳቦ ቤቱ ደውዬ «ሊጡን ማነው የሚቆርጠው?» አልኳቸው። ሁለት ልጆች ናቸው አሉኝ፤ አንዱ የሌሊት፣ አንዱ የቀን። አዲሱን ልጅ ወዲያው ጠረጠሩት። «ቆይ» አልኳቸው። «የእያንዳንዳቸውን አሥር አሥር ዳቦ ለየብቻ በተለያየ ቀለም ነጥብ ያድርጉ፤ ልጆቹንም ስንት ስንት ግራም ሊጥ እንደሚቆርጡ ይጠይቋቸው፤ አይቆጡ።»

በሦስተኛው ቀን ደወሉልኝ። ቀለሞቹ ፍጹም ተለያይተዋል። አንዱ 105 ግራም ሊጥ ነው የሚቆርጠው፤ ሌላው 120። ሁለቱም ሲቀጠሩ «ዳቦው መቶ ግራም ይሁን» ነው የተባሉት። ሊጥ እሳት ሲያገኘው ውሃው ይተናል፣ ክብደቱ ይቀንሳል። አንዱ «ትንሽ ይቀንሳል» ብሎ 5 ጨመረ፤ ሌላው «ብዙ ይቀንሳል» ብሎ 20 ጨመረ። የነገራቸው ሰው የለም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ፤ ከሁሉ ደስ ያለኝ እሱ ነው። የእያንዳንዱ ልጅ ዳቦ በከባዱና በቀላሉ መካከል ያለው ልዩነት 3 ግራም ብቻ ነው። ከ91 እስከ 94፤ ከ106 እስከ 109። በእጅ ለሚቆርጥ ሰው ይሄ ጎበዝነት ነው! ሁለቱም እጃቸው ያለቀለት ነው፤ የተለያየው ያለሙት ቁጥር ነው። ሰነፍ ቆራጭ ቢኖርዎት ነጥቦቹ ከ85 እስከ 115 ተበትነው ነበር የሚያገኟቸው። እሱን ለማስተካከል ወር ይፈጃል። ይሄኛውን ግን ዛሬ ማታ ያስተካክሉታል።

ስንት ይቁረጡ? 105 ሊጥ ወደ 93 ወረደ፤ 120 ወደ 107። ሁለቱም ከመቶ ወደ 11 ያህል እጅ ነው የቀነሱት። ስለዚህ 100 ግራም የተጋገረ ዳቦ ለማግኘት 112 ወይም 113 ግራም ሊጥ። ከ100 በታች እንዳይወርድብዎ ከፈለጉ ደግሞ፣ ያቺ የ3 ግራም መወዛወዝ ስላለች፣ 115 ቢሉ ይሻላል። ቁጥሩን ሚዛኑ አጠገብ ግድግዳው ላይ ይጻፉት። ከሳምንት በኋላ ሌላ 20 ዳቦ መዝነው ይላኩልኝ። ዳቦውንም ጭምር ቢልኩት አልከፋም።

ጥያቄ፦ መምህር፣ እኔም እንደርስዎ የሂሳብ መምህር ነኝ፤ ከደብረ ማርቆስ አካባቢ። ክፍሌ 62 ተማሪ አለው። ስኩዌር ደብተር የለም። ማስመሪያም ለሁሉም አይደርስም። ይሄን ነገር በሰሌዳ ብቻ ሳስተምር ልጆቹ ያንቀላፋሉ። ምን ይመክሩኛል?
(ጀማሪ መምህር)

መልስ፦ ጎበዝ፣ ጠይቀሃልና ትልቁን ስህተቴን ልንገርህ።

በ1983 ዓ.ም. አራተኛ ክፍል ሳስተምር፣ ግድግዳው ላይ ከሚስማር ሚስማር ገመድ ወጠርኩ። ከገመዱ ላይ እኩል እኩል አራርቄ በካርቶን የተጻፉ ቁጥሮች አንጠለጠልኩ፤ ከ12 እስከ 21። ከቤት የልብስ መቆንጠጫ ሰብስቤ መጣሁ (ለሁለት ሳምንት ልብስ በድንጋይ ተይዞ ነው የደረቀው፤ ባለቤቴ እስካሁን ታነሳዋለች)። እያንዳንዱ ልጅ ስንዝሩን ለክቶ፣ በቁጥሩ ሥር መቆንጠጫ ይቆነጥጣል። በዚያ ቁጥር ሥር ሌላ ልጅ ቀድሞት ከሆነ፣ መቆንጠጫውን ከቀደመው መቆንጠጫ ላይ ያንጠለጥላል። ወደ ታች የሚያድግ ላይን ፕሎት ማለት ነው። ልጆቹ አላንቀላፉም።

አብዛኛው ከ14 እስከ 17 ሴንቲ ሜትር ላይ ተንጠለጠለ። ሦስተኛው ረድፍ ሲመጣ አምስት ልጆች 18፣ 19 እና 20 ላይ ሄዱ። አንዷማ ከክፍሉ በቁመት ትንሿ ናት፤ የእሷ ስንዝር 19። ተቆጣሁ። «በመለኪያ አይቀለድም» አልኩ፤ ሌላም ሌላም አልኩ። አምስቱንም አስቆምኳቸው።

ያቺው ትንሿ ልጅ ማስመሪያውን ከፍ አድርጋ፣ «መምህር፣ ይሄኛው ከሦስት ነው የሚጀምረው» አለች። የእንጨት ማስመሪያው ጫፉ ተሰብሮ 0፣ 1 እና 2 የሉም። ልጆቹ ከጫፉ ጀምረው ለኩ፤ የተነገራቸውን ነው ያደረጉት። ማስመሪያውን ያደልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። አምስቱን መቆንጠጫዎች አንድ በአንድ በሦስት በሦስት ወደ ግራ ሳዛውር ክፍሉ ዝም ብሎ አየኝ። ሲያልቅ ሁሉም ከሌሎቹ መሀል ገብተው ጠፉ። በዚያ ቀን ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ ግን ጮክ ብዬ አልነበረም።

እንግዲህ አንተ ከዚህ ውሰድ። ከመንጋው ርቆ የቆመ ነጥብ ስታይ፣ መጀመሪያ መለኪያውን እይ፣ ቀጥሎ አለካኩን፣ ልጁን በመጨረሻ። አንዳንዴ ደግሞ ነጥቡ እውነተኛ ነው፤ በእርግጥም ስንዝረ ረጅም ልጅ አለ። ያኔ እንዳትነካው። «ስላላማረ» ተብሎ ነጥብ አይወርድም።

62 ልጅ በአንድ ገመድ አይሆንም፤ ሰንሰለቱ መሬት ይነካል። በየረድፉ ከፋፍላቸው። መቆንጠጫ ከሌለህ ከአሮጌ ደብተር እኩል የተቀደደ ወረቀት ይበቃል፤ እኩል መሆኑን ግን አደራ። የአንዱ ወረቀት ትልቅ ከሆነ ሁለት ልጅ ከሦስት ልጅ በላይ ሆኖ ይቆማል። ማስመሪያ ለጠፋበትም አንዱን ማስመሪያ በገመድ ላይ እየቀዱ ጭረት ማድረግ ይቻላል። ልጆቹም ሲጨርሱ ስንዝራቸው ምን ያህል እንደሚለያይ ያያሉ፤ ጨርቅ ሻጭ በስንዝርና በክንድ ሲለካ ገዢው ለምን ረጅም እጅ ያለው ዘመድ ይዞ እንደሚሄድ ያኔ ይገባቸዋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ፤ ሰሜን ሸዋ። የምግብ እጥረት ያለበትን ለመለየት፣ በየወሩ የሕፃናትን የክንድ ዙሪያ በዚያ ባለ ሦስት ቀለም ሜትር እለካለሁ። ተቆጣጣሪዬ መዝገቤን አይታ «እየገመትሽ ነው» አለችኝ። እኔ እምላለሁ ሁሉንም ለክቻለሁ። የ40 ልጆች ቁጥር ልኬልዎታለሁ። ምኑ ነው ግምት የሚመስለው?
(አዝኛለሁ)

መልስ፦ ልጄ፣ ለክተሻል። አምንሻለሁ። ነገር ግን ተቆጣጣሪሽም ያየችው ነገር አለ። በነጥብ ልደርድርልሽ፤ ቁጥሩ ሴንቲ ሜትር ነው።

12.0 ●●●●●
12.5 ●●●●●●●●●●●●●●
13.0 ●●●●●●●●●
13.5 ●●●●●●
14.0 ●●●
በሌሎቹ ሁሉ ላይ ●●●

ሜትርሽ በሚሊ ሜትር ነው የተከፋፈለው። የልጆች ክንድ ደግሞ ዜሮና አምስትን አይመርጥም። የመጨረሻው አኃዝ ከአሥሩ አንዱ ነው፤ ዜሮ ወይም አምስት መሆን ያለበት ከ40 ልጅ ወደ 8 ገደማ ነው። ያንቺ 37 ነው። ለክተሽ ስታበቂ ዓይንሽ ወደ ቀረበው ደማቅ ጭረት ሸርተት ይላል። ይሄ ያንቺ ብቻ አይደለም። በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራዎቻችን ላይ የዕድሜ ዝርዝሩን ብታዪ፣ 30፣ 35፣ 40 ላይ ሰዉ ተኮልኩሎ 31 እና 39 ላይ ይሳሳል። ዕድሜውን በ«ገደማ» የሚያውቅ ሰው ክብ ቁጥር ይናገራል።

ያንቺው ላይ ግን ክብ ቁጥሩ አደገኛ ቦታ ላይ ነው የወደቀው። 12.5 ሴንቲ ሜትር የቢጫና የአረንጓዴው ድንበር ነው። ከ11.5 በታች ቀይ፣ ከ11.5 እስከ 12.5 ሳይደርስ ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። አሥራ አራት ልጅ ልክ ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ ከ12.1 እስከ 12.4 ግን ማንም የለም። እንዲህ ሊሆን አይችልም። ከነዚያ አሥራ አራት ውስጥ 12.3 የሆነ አለ፤ ምናልባት ሦስት፣ ምናልባት አምስት። አንቺ ለደግ ብለሽ ወደ አረንጓዴ አሻገርሻቸው፤ እነሱ ግን ሊደርሳቸው ከሚገባው አልሚ ምግብ ቀሩ።

ይሄ ዓይነት ነገር አንድ ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ ተገኝቷል፤ እዚያ ግን ሆን ተብሎ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አዶልፍ ኬትሌ የሚባል ቤልጂጋዊ የወታደር ምልምሎችን ቁመት መረመረ። ለመቀበል ዝቅተኛው ቁመት 1.57 ሜትር ነበር። ከዚያ በታች ያሉት ከሚጠበቀው በላይ በዙ፤ ከዚያ ትንሽ በላይ ያሉት ደግሞ ጎደሉ። ዘመቻ ላለመሄድ አጭር መስለው የተመዘገቡ ወጣቶች አሉ ብሎ ደመደመ። ኬትሌ አንዳቸውንም አላያቸውም። ቁጥሮቹ ተደርድረው ነው የነገሩት።

አንቺ የምታደርጊው ይሄን ነው። ሁልጊዜ ግራ ክንድ፣ በትከሻና በክርን መሀል፣ እጁ ዘና ብሎ ተንጠልጥሎ። ሜትሩ ቆዳውን ይንካ እንጂ አይጭመቀው። ቁጥሩን ስታነቢ ሚሊ ሜትሩንም ድምፅሽን አውጥተሽ ጥሪ፤ «አሥራ ሁለት ነጥብ ሦስት» ብለሽ። ጮክ ያለ ቁጥር ማጠጋጋት ይከብዳል። ድንበሩ አጠገብ ያለውን ልጅ ሁለተኛ ለኪው። ወሩ ሲያልቅ ነጥቦቹን ራስሽ ደርድሪና ተቆጣጣሪሽ ከመምጣቷ በፊት እያቸው። አሥራ አራቱን ልጆች ግን ወሩን አትጠብቂ። በዚህ ሳምንት ድጋሚ ለኪያቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ 20 ዳቦና 15 ድንች ደህና። አምስት ሺህ ቁጥር ያለው ሰውስ ነጥብ ሲያደርግ ሊኖር ነው?
(ተጠራጣሪ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይኖርም። ያኔ አንዱ ነጥብ ብዙ ሰው ይወክል። ያው ኬትሌ እ.ኤ.አ. በ1846 የ5,738 ስኮትላንዳውያን ወታደሮችን የደረት ልክ አሳትሟል፤ ከ33 እስከ 48 ኢንች። 40 ኢንች ላይ ብቻ 1,079 ሰው አለ። ለአንድ ሰው አንድ ሚሊ ሜትር ብትሰጠው እንኳን ክምሩ ከአንድ ሜትር ያልፋል። አንዱን ነጥብ ለ50 ሰው ካደረግከው ግን 40 ኢንች ላይ 22 ነጥብ ገደማ ይሆናል፤ የደብተር ገጽ ይበቃዋል። ቅርጹም ያው ነው፤ መሀሉ ረጅም፣ ጎንና ጎኑ እየወረደ የሚሄድ። የምትከፍለው ዋጋ ጫፎቹ ላይ ነው። 33 ኢንች የሆኑት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ 48 ኢንች የሆነው ደግሞ አንድ ሰውዬ ብቻ። በሃምሳ ስታካፍላቸው ነጥብ አይደርሳቸውም።

ለዚያ ለ48 ኢንቹ ሰውዬ እኔ በእስክሪብቶ ጫፍ ጭረት አድርጌለታለሁ። ደረቱን አስለክቷላ።